የላስታ ነባር ዘማቾች የማኅደር እርማት ጥያቄ፦ የስም፣ የዘመንና የቦታ አለመጣጣም ሜዳይ እንዴት እንደሚያስቀር

በጦር ሜዳ ለፈጸመው ተግባር ሜዳይ ወይም የዘመቻ የምስክር ወረቀት ይገባኛል የሚል ነባር ወታደር፣ ጉዳዩ በመጨረሻ የሚታየው በመከላከያ ሚኒስቴር ቢሆንም፣ ማመልከቻውን ይዞ አስቀድሞ የሚደርሰው በሚኖርበት ቀበሌና ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚያ የሚጻፍለት ደብዳቤ የጉዳዩን ዕጣ ብዙውን ጊዜ ይወስነዋል። ጥያቄው ከበላይ አካል ያለ ውጤት የሚመለሰው ጀብዱው ስለተጠረጠረ ብቻ አይደለም። በማኅደሩ ላይ የሰፈረው ሰውና ማመልከቻውን የፈረመው ሰው አንድ መሆናቸው ባለመረጋገጡ የሚመለስ ፋይልም አለ።

በመሆኑም ጉዳዩን የሚይዝ ሠራተኛ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት ይኖርበታል። አንደኛው «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህ ሰው የት ዘመተ፣ ምንስ ሠራ?» የሚል ነው። ሁለተኛውን የሚመልሰው ሠራዊቱ ነው። አንደኛውን ግን ከሲቪል አስተዳደሩ የተሻለ ሊመልስ የሚችል የለም። ወረዳው ያላየውን ውጊያ እየመሰከረ የሚያውቀውን ሰው ማንነት ሳያብራራ የሚልከው ደብዳቤ ለዘማቹ አይጠቅምም።

ጉዳዩ ለላስታ ደጋ ነዋሪ የተለየ ክብደት አለው። ከላሊበላ በጋሸና በኩል እስከ ዞኑ ዋና ከተማ ወልዲያ ያለው መንገድ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌና በአጎራባች ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖር አዛውንት ደግሞ ላሊበላ ለመድረስም በእግር ወይም በበቅሎ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። በአንድ ፊደል ልዩነት ምክንያት «አጣርተህ ተመለስ» የተባለ ሰው ከወልዲያ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ገንዘቡንና የቀረውን ጉልበት ይጨርሳል። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲዘምት የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ወታደር በሕይወት ካለ ዛሬ ዕድሜው ከ90 ዓመት በላይ ነው።

የአለመጣጣሙ የመጀመሪያ ምንጭ ስም ነው። ኢትዮጵያዊ የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በመሆኑ ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ በመዝገብ ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። በገጠሩ አካባቢ አንድ ሰው ቤተሰቡ የሚጠራበት የዓለም ስምና ካህኑ የሚያውቀው የክርስትና ስም አለው። ለውትድርና ሲመዘገብ የትኛውን እንደሰጠ ከ40 ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ራሱም ሊዘነጋው ይችላል። ያሳደገውን አጎት ወይም እንጀራ አባት በአባትነት ያስመዘገበም ይኖራል። ንጉሥ ላሊበላ ራሳቸው ገብረ መስቀል በሚል የንግሥ ስምም የሚታወቁ በመሆናቸው፣ በላስታ ሁለት ስም መያዝ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። ለመዝገብ ቤት ግን እንግዳ ነው።

ስሙ አንድ ሆኖ ሳለም አጻጻፉ ሊለያይ ይችላል። በአማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በየጸሐፊው ምርጫ ሲጻፉ ኖረዋል። በፊደል ተራ በተደረደረ ካርድ ውስጥ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ «ስሙ የለም» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። «ወልደ ማርያም» አንድ ቦታ ተገጥሞ፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ፣ ሦስተኛ ቦታ ላይ ደግሞ «ወልዴ» በሚል አጭር ስም ተጽፎ ይገኛል። ስሙ ወደ ላቲን ፊደል የተገለበጠ እንደሆነ ችግሩ ይብሳል። ለ«ጸ»፣ ለ«ቀ» እና ለ«ጠ» በላቲን የተወሰነ ፊደል ስለሌለ ያንኑ ስም ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት ዓይነት ይጽፉታል።

የትውልድ ቦታም እንደዚሁ ተለዋውጧል። በዘውዱ ዘመን የተሞላ ቅጽ ላይ «ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ላስታ አውራጃ» የሚል ይነበባል። በደርግ ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። ዛሬ ደግሞ ያው ቦታ በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን ይገኛል። የአሁኑ ላስታ ወረዳ ቀድሞ በቡግና ወረዳ ሥር የነበረ በመሆኑ፣ በማኅደሩ «ቡግና» የሚል የሰፈረለት ዘማች ዛሬ የላስታ ነዋሪነት መታወቂያ ይዞ ቢቀርብ ሐሰተኛ አይደለም። የቦታው አጠራር መለወጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጾ መጻፍ ለወረዳው ቀላል ሥራ ሲሆን፣ ወሎን ለማያውቅ የማኅደር ሠራተኛ ግን ትልቅ እገዛ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ሲሆን፣ ይህን ከኮሪያ ዘመቻ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣውና በልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም የተሰየመው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነበር። የዘመቻው ጦር የበላይ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ደግሞ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ኢርጌቱ ነበሩ። በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የተመራው ሁለተኛው ሻለቃ በ1944 ዓ.ም.፣ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ የተመራው ሦስተኛው ሻለቃ ደግሞ በ1945 ዓ.ም. ኮሪያ ደርሰዋል። የተኩስ አቁም ስምምነቱ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላም አራተኛውና አምስተኛው ሻለቆች ስምምነቱን ለማስጠበቅ ተልከዋል።

ሻለቆቹ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ተመድበው በመዋጋታቸው የዕለት መዝገባቸው በከፊል በእንግሊዝኛና በአውሮፓ አቆጣጠር ተይዟል። በዚህ መዝገብ «1951» የሚለው ዓመት የመጀመሪያው ሻለቃ የዘመተበት ነው። ያንኑ ቁጥር እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ግን ዘማቹን ጦርነቱ ካበቃ ከአምስት ዓመታት በኋላ ያዘምተዋል። በተቃራኒው «1945» የሚለውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሚያነብ የኮሪያ ጦርነት ገና ሳይጀመር ወታደሩን ኮሪያ ያደርሰዋል። የሁለት አኃዞች ቦታ መቀያየርም ቀላል ስህተት አይደለም። 1945 ዓ.ም. ሦስተኛው ሻለቃ የተዋጋበት ዓመት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. 1954 ደግሞ አራተኛው ሻለቃ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የደረሰበት ዓመት ነው።

ልዩነቱ ለምን ክብደት እንደሚሰጠው ከአኃዙ መረዳት ይቻላል። በአምስቱም ሻለቆች ወደ ኮሪያ የተላኩት ኢትዮጵያውያን በጠቅላላው 6 ሺሕ 37 እንደሆኑ ሲጠቀስ፣ በውጊያው ዘመን የተሳተፉት 3 ሺሕ 518 ናቸው። በተለምዶ በሚጠቀሰው አኃዝ መሠረት 122 መሥዋዕት ሲሆኑ 536 ቆስለዋል፤ የተማረከ የለም። ለውጊያ ተግባር የሚሰጥ ሜዳይና ለግዳጅ አገልግሎት የሚሰጥ ሜዳይ የተለያዩ በመሆናቸው፣ አንድ ዓመት በስህተት የተጻፈበት ተዋጊ ከመጀመሪያው ቡድን ወጥቶ ከሁለተኛው ሊመደብ ይችላል። ስለዚህ በማንኛውም ደብዳቤ ላይ ከዓመቱ አጠገብ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፍ የግድ ነው።

ዘማቹ ሜዳዩን በእጁ ይዞ ቢመጣስ? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኮሪያ ሜዳይ በጀርባው ያለው ጽሑፍ በአማርኛ የተቀረጸበት ለኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ዓይነት አለው። ሆኖም የተሸላሚው ስም በአብዛኛው ስለማይቀረጽበት ሜዳዩ ብቻውን የባለቤቱን ማንነት አያስረዳም። አብሮት የተሰጠው የምስክር ወረቀት፣ የዘመኑ ፎቶግራፍ፣ የወታደር መለያ ቁጥርና የቁስል ሕክምና ማስረጃ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ከእነዚህም መለያ ቁጥሩ ቀዳሚ ነው፤ ስም ቢለዋወጥ ቁጥሩ አይለወጥምና።

እንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ለምን በየቤቱ ተሟልተው እንደማይገኙ የሀገሪቱ የቅርብ ታሪክ ያስረዳል። የቃኘው ዘማቾች እናት ክፍል የነበረው ክብር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ የተመራውን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በማካሄዱ፣ ሙከራው ከከሸፈ በኋላ እንደ አዲስ ተዋቅሮ አባላቱ ተበታትነዋል። ኋላም ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት በመሠረተበት ዘመን ለደቡብ ኮሪያ መዝመት የሚነገር ታሪክ ባለመሆኑ፣ ወረቀቱን ከሰው ዓይን ያራቀ ዘማች ቢኖር አያስገርምም። በኮሪያ በኩል ዘማቾቹ አልተረሱም። በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመርቋል። የኮሪያ መንግሥትም ለዘማቾች የሰላም አምባሳደር ሜዳይ ይሰጣል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር የአባልነት መዝገብም ከሠራዊቱ መዝገብ ጋር ሊመሳከር የሚችል ነው።

የዕድሜ ባለጠጋ የሆኑት የላስታ አርበኞች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ በአምስቱ የጠላት ወረራ ዓመታት የተዋጋ አርበኛ በአብዛኛው የመለያ ቁጥርም ሆነ የቅጥር ቅጽ አልነበረውምና። በ1929 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በዋግና በላስታ በፋሽስት ኢጣልያ ላይ የተቀሰቀሰውን አመፅ የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገድለዋል። ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ አድርጎ አሳይቷል፤ አካባቢውንም በአውሮፕላን ደብድቧል። ከድል በኋላ የአርበኞች ሜዳይ ሲመሠረት የአንድ ሰው አርበኝነት ይረጋገጥ የነበረው በአለቃውና በባልንጀሮቹ ምስክርነት ነው። አለቃው በጦር ሜዳ የወደቀበት ተከታይ፣ ዋናው ምስክር አብሮ ተቀብሮበታል ማለት ነው። የዱር አርበኛ፣ የውስጥ አርበኛና ስደተኛ በሚሉት መደቦች መካከል የተነሣው ክርክርም የዚሁ ውጤት ሲሆን፣ ለስደተኞች ራሱን የቻለ ሜዳይ ተሰጥቷል። የዚያ ትውልድ ልጆችና የልጅ ልጆች የሚያቀርቡት ጥያቄ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርን መዝገብ ሳያመሳክር ሊታይ አይገባም።

ዛሬ በሕይወት ያሉት አብዛኞቹ ነባር ወታደሮች የደርግና ከዚያ በኋላ የነበሩት ዘመናት ዘማቾች ናቸው። በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅና ሰሜን ግንባር የተላከው የሚሊሺያ ጦር በብዙ መቶ ሺሕ የሚገመት ገበሬ በአጭር ጊዜ የተመዘገበበት በመሆኑ፣ ስምና ዕድሜ የሰፈሩት በቃል በተነገረው መሠረት ነበር። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላም ለምልመላ የተፈለገ ወጣት ዕድሜው ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ መመዝገቡ የሚታወቅ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከ450 ሺሕ የሚበልጡ የቀድሞ ሠራዊት አባላት በማቋቋሚያ ኮሚሽኑ በኩል ተመዝግበው ወደየቀያቸው ተመልሰዋል። በዚያን ጊዜ የተሰጠው መታወቂያ አንዳንዱ ዘማች ያለው ብቸኛ ወረቀት በመሆኑ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል፤ ይሁንና እርሱም የተሞላው ባለቤቱ በሰጠው ቃል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በሌላው ወገን የነበሩት ታጋዮች ያለባቸው ችግር የትግል ስም ነው። በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተውና በዋግና በላስታ ተራሮች ይንቀሳቀስ የነበረው ኢሕዴንም ሆነ ሌሎች ድርጅቶች አባሎቻቸውን በወላጆቻቸው ስም አይጠሩም ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ራሳቸው የተወለዱበት ስም ለገሠ ሲሆን፣ መለስ የተባሉት በደርግ በተገደለው በመለስ ተክሌ ስም ነው። ሥልጣን ላይ ለደረሰ ሰው የትግል ስም ችግር አልሆነም። ወደ ማሳው ለተመለሰ ታጋይ ግን በቀበሌ የሚጠራበት ስምና በድርጅቱ መዝገብ ያለው ስም ጨርሶ አይገናኙም።

ምርኮ ሌላው የማኅደር ክፍተት ነው። በኢትዮ ሶማሊያ ጦርነት ጠላት አውሮፕላኖችን የጣሉት የአየር ኃይል አብራሪ ለገሠ ተፈራ ተማርከው 11 ዓመታት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ሲመለሱ ከፍተኛውን የጦር ሜዳ ጀብዱ ሜዳይ አግኝተዋል። የእርሳቸው ተግባር በክፍላቸው ተመዝግቦ የቆየ ነበር። ስሙ በማንም ያልተመዘገበ ተራ ወታደር ከምርኮ ሲመለስ «የጠፋ» ወይም «የከዳ» ተብሎ ተጽፎ ቢያገኘው፣ እርማቱ የሚጀምረው ሜዳይ ከመጠየቅ ሳይሆን ስሙን ከማንጻት ነው።

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የነበሩ ሰነዶችም ከጉዳት አልዳኑም። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ ላሊበላ ከተማ ከእጅ ወደ እጅ ስትለዋወጥ፣ በሰሜን ወሎ በርካታ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ሰነዶችም ወድመዋል። በዚያው ጦርነት የዘመቱ ወጣቶች ነገ በተራቸው ማስረጃ ጠያቂዎች ይሆናሉ። የክፍላቸውን ስም፣ የመለያ ቁጥራቸውንና የዘመቱበትን ቀን ዛሬ በወረዳቸው ቢያስመዘግቡ የአያቶቻቸው እንግልት አይደርስባቸውም።

ሰነድ ጠፋ ማለት ግን መብት ጠፋ ማለት አለመሆኑን የሌሎች ሀገሮች ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የወታደሮች ማኅደር ማዕከል የተነሣው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ማኅደሮችን አውድሟል። የኮሪያ ዘመቻ ወታደሮች ማኅደርም በዚያ ውስጥ ነበር። ማዕከሉ ከዚያ ወዲህ የአንድን ወታደር አገልግሎት ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ ከክፍሉ የዕለት መዝገብና ከሆስፒታል መግቢያ መዝገብ እየለቀመ እንደገና ሲያቋቁም ቆይቷል። ማኅደሩ ላይ ስህተት አለ የሚል አሜሪካዊ ወታደርም ለዚሁ ሥራ በሕግ ለተቋቋመ የእርማት ቦርድ ያመለክታል። ስህተቱን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት የሚጠበቅበት ሲሆን፣ ለፍትሕ ሲባል ቦርዱ ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል። በእኛ ሀገር አንድ ፋይል ከቀበሌ፣ ከወረዳ፣ ከፍርድ ቤት፣ ከማኅበርና ከመከላከያ ሚኒስቴር ስለሚያልፍ፣ የየጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ጥንቃቄ የዚያን ቦርድ ያህል ይፈለጋል።

ታዲያ የወረዳው ደብዳቤ ምን ይዞ ቢሄድ ይበጃል? ዘማቹ በአካባቢው የሚጠራባቸውን ስሞች ሁሉ፣ የክርስትናና የትግል ስሙን ሳይቀር፣ የተለያዩትን አጻጻፎች ጨምሮ ቢዘረዝር፤ የትውልድ ቦታውን የቀድሞና የአሁን አጠራር ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፤ ዓመተ ምሕረቱን ከነአቆጣጠሩ ቢገልጽ፤ እንዲሁም ምስክሮቹ ዘማቹን ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት እንደሚያውቁት ለይቶ ቢጽፍ ማኅደር የሚፈልገው ሠራተኛ ሥራው ይቀልለታል። በስሞቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሲሆን ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ በተግባር የሚሠራበት መንገድ ነው። የግብር ደረሰኝና የእድር መዝገብም ተናቆ መታለፍ የለበትም። ዘማቹ ከመዝመቱ በፊት በአባቱ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ፣ ዛሬ ከሚጻፍ አሥር የምስክርነት ቃል ይበልጣል።

ጥንቃቄው በሌላም በኩል ነው። ያልዘመተ ሰው የሞተ ዘመዱን ስም ይዞ የሚቀርብበት አጋጣሚ ስለማይጠፋ፣ እርማት ማለት በመዝገብ ያለን ስህተት ማቃናት እንጂ በመዝገብ የሌለን ታሪክ መጻፍ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። «በጀግንነት የተዋጋ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል የወረዳ ደብዳቤ ሐሰተኛውን ይረዳል እንጂ እውነተኛውን አይረዳም፤ ወረዳው ይህን የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለ ተቀባዩ ይገነዘባልና።

የሜዳይና የጡረታ ጥያቄም ባይደባለቅ ይመረጣል። በመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 ሜዳዮችንና ሽልማቶችን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ሲገኙ፣ የወታደሮች ጡረታ የሚታየው ግን በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። በጡረታ ጉዳይ በቅጥር ወቅት የተመዘገበ ዕድሜ መሠረት ስለሚሆን፣ ለሜዳይ ብሎ ዕድሜውን ለማስለወጥ የሚሞክር ዘማች ያለውን ጡረታ ለክርክር ሊያጋልጥ ይችላል። ለሜዳዩ የሚያስፈልገው የማንነቱና የዘመቻው ዘመን መጣጣም በመሆኑ ዕድሜው ባለበት ቢቆይ አይጎዳውም።

ዘማቹ ጥያቄው ሳይመለስ ካረፈ ባለቤቱ ወይም ልጆቹ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ። የሞት ማስረጃውና የወራሽነት ውሳኔው የሚጻፉት በቀበሌው ስም ብቻ ከሆነ ግን ከሠራዊቱ ማኅደር ጋር እንደገና ይለያያሉ። የኩነቶች ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ በፊት ለሞቱት ያለው ማስረጃ የበለጠ የሳሳ ነው። ባልዋ በወታደር ቤት በምን ስም ይጠራ እንደነበር የምታውቅ አሮጊት በሕይወት ሳለች ቃልዋን ተቀብሎ በፋይሉ ማያያዝ ለነገ የማይባል ሥራ ነው።